ሰርፍ ነው ያልኩት፣ አባባ

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ከእኔ ሌላ ጊታር የምትጫወት የበርበሬ ነጋዴ ካለች ትምጣና እንተያይ። ጉራ ነው ካላችሁም ጉራ ነው፣ አልክድም። ቀን ቀን ከአባቴ ጋር ሱቅ እውላለሁ፤ ዛላ እመዝናለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ፣ አላፊ አግዳሚውን አስነጥሳለሁ። ሱቅ ስንዘጋ ደግሞ እጄን በሳሙናና በሎሚ ፈትጌ ጊታሬን አነሣለሁ።

የምጫወተው ሙዚቃ ሰርፍ ይባላል። ጣውላ ላይ ቆመው በባሕር ማዕበል የሚንሸራተቱ ፈረንጆች አሉ አይደል? የእነሱ ነው። ዘፋኝ የለውም፤ ጊታሩ ራሱ ነው የሚዘፍነው። ክሩ በፍጥነት ይመታል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ድምፁም ባዶ ጋን ውስጥ እንደተጣራ ሰው መልሶ ያስተጋባል። መጀመሪያ በስልኬ የሰማሁት ዛላ ስቀነጥስ ነበር። በዚያው እጄ ዓይኔን ነካሁና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከሙዚቃው ይሁን ከበርበሬው እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብቻ «ይሄ የእኔ ነው» አልኩ።

የሙዚቃ ባንዳችን ሦስት ሰው ነው። ቤዝ ጊታሩን የአክስቴ ልጅ ትይዛለች፤ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ስለሆነች ትዕግሥቷ ለሦስታችንም ይበቃል። ድራሙን የሚመታው ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ወዳጄ ነው። ሦስታችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ድራመሩማ ባሕር ቀርቶ ዝናብ ይፈራል። «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ሙዚቃ!» ብሎ የሚያላግጥብኝ ሰው ሲመጣ «አንተስ ገነትን አይተኸው ነው የምትዘምርለት?» እለዋለሁ።

ጣጣው የመጣው ከአንዲት ፊደል ነው።

ታናሽ እህቴ ልታገባ ነበር፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። አንድ ጠዋት ሱቃችን በረንዳ ላይ ሽማግሌዎቹ ነጋዴዎች ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ አንደኛው አባቴን «ለመሆኑ ልጅዎ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የምትጫወተው?» ብሎ ጠየቃቸው። አባባ ደግሞ «ምንድን ነው የምትጫወቺው?» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ። ከጎናችን ወፍጮው ያጓራል፣ አንድ ተሸካሚ «ጠጋ! ጠጋ በሉ!» እያለ ይጮኻል፣ እኔ ጆንያ ላይ ወጥቼ ሌላ ጆንያ እጎትታለሁ። ከዚያው ሆኜ «ሰርፍ ሙዚቃ!» ብዬ ጮኽኩ።

አባባ የሰሙት «ሰርግ ሙዚቃ» ነው።

ዕድሜ ልካቸውን ወፍጮ ሥር የዋለ ጆሮ ነው፣ ምን ይደረግ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ሰማችሁ? የሰርግ ሙዚቃ ነው የምትጫወተው! እኔ ለእህቷ ሰርግ ሙዚቀኛ ፍለጋ ስባዝን፣ ለካ ሙዚቀኛው እቤቴ ነው! ተክልዬን! ከእሷ ሌላ ሙዚቀኛ ድንኳኔን አይረግጥም!» አሉ።

ከጆንያው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። «አባባ፣ ሰርፍ ነው ያልኩት!»

«እኮ! ሰርግ!»

«ሰርፍ! በ‹ፍ› አባባ! ፎጣ ሲባል ያለው ፍ!»

«ፎጣውን ተዪው፣ እሱን እናትሽ ታዘጋጃለች» አሉና ለጓደኞቻቸው ለስላሳ አዘዙ። ሽማግሌዎቹ ይመርቁኝ ጀመር። እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ድንጋይ ነበር የሚጫነኝ፤ አሜን ከማለት በቀር ምን አማራጭ አለኝ?

እቤት ገብተን ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በደንብ አስረዳኋቸው። ይሄ ሌላ ሙዚቃ ነው፣ የፈረንጅ ነው፣ የባሕር ነው፣ ጊታሩ ራሱ ነው የሚዘፍነው አልኳቸው።

«ዘፋኝ የለውም?» አሉ።

«የለውም።»

«ሰው ይጨፍርበታል?»

«ይጨፍርበታል እንጂ።»

ከዚያ «ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መሐል ገበያ ላይ ተናግሬያለሁ። የሙሽራው አባት ጆሮ ደርሷል። ኦርኬስትራ ላምጣ ሲለኝ፣ ልጅ አለችኝ ብዬ መልሼዋለሁ። እንግዲህ ወይ ታኮሪኛለሽ፣ ወይ ከድንኳኑ ጀርባ ተደብቄ እውላለሁ» አሉኝ።

የአባቴን ቃል የማያውቅ ሰው ይሄን እንደ ቀላል ነገር ሊያየው ይችላል። አባባ ጆንያ ሳይፈታ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ገዢ «የእሳቸው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «አዎ» ሲባል ጭኖ ይሄዳል፤ ውስጡን አያይም። ይሄ ስም ከወሎ ይዘውት የመጡት አይደለም፣ እዚችው በረንዳ ላይ ሽበት እስኪያወጡ የገነቡት ነው። የሙሽራው አባት ደግሞ እህል በረንዳ ጤፍ የሚነግዱ፣ ቁጥብ፣ ንግግራቸውን እንኳ በሚዛን የሚያወጡ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ፊት አባቴ «ልጄ፣ ልጄ» ብለው ሲያፍሩ ታየኝና በማግሥቱ ባንዱን ሰበሰብኩ።

ድራመሩ መፍትሔ አለኝ አለ። «ኦርጋን እንከራይ፤ አንድ ዘፋኝ እንጥራ። አንቺ ጊታሯን ታቅፈሽ ቆመሽ ፈገግ ትያለሽ። በቃ! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።»

«አንተ አግባ!» አልኩት። ደሜ ፈላ። ሱቅ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት «ቅልቅል አንሸጥም» እያልኩ ያደግሁ ልጅ፣ በእህቴ ሰርግ ራሴን ቀላቅዬ ልሸጥ? አባባ ለሰው የተናገሩት ልጄ ትጫወታለች ብለው ነው። ስለዚህ ልጃቸው ትጫወታለች። የሙሽራ ዘፈኖቹን፣ ድንኳን ሙሉ ሰው በልቡ የሚያውቃቸውን ዜማዎች፣ በሰርፍ ድምፅ እንጫወታቸዋለን አልኩ። የአክስቴ ልጅ ትንሽ አሰበችና «ዕቃችን ግን ለዚህ አይሆንም» አለች። እውነቷን ነው። የነበረኝ በውሰት የያዝኩት ቦክስ ጊታርና ኩርሲ የምታክል አምፕሊፋየር ነበር። ድምፁ ብርጭቆ ውስጥ የታፈነ ትንኝ ነው። ደግነቱ ዕቁብ ደርሶኝ ነበር፤ ቀን ሳላሳልፍ ገበያ ወጣሁ።

ጊታሩን ፍለጋ ድራመሩን ይዤ ሄድኩ። መጥፎ ምርጫ ነበር። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ጊታር ተሰቅሏል፤ ጫፍ ጫፉ ሹል፣ ሆዱ ላይ እሳት የተሣለበት። ድራመሩ ልቡ ቀለጠ። «ይሄ ነው! ይሄን ይዘሽ ስትቆሚ ሙሽራውም ይፈራሻል!»

«በሬ ሆይ!» አልኩት። «ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!»

ከክሮቹ ሥር ድምፁን የሚለቅሙ ማግኔቶች አሉ። የጥቁሩ ጊታር ማግኔቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጣበቁ ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም፣ እንደ ገንፎ የሚያጣብቅ ነው። ለሮክ ግሩም ነው። ሰርፍ ግን የሚፈልገው ነጠላ ማግኔት ነው፤ ድምፁ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ጨርቅ እንደሚቆርጥ መቀስ ቀጭ ቀጭ የሚል። ይሄን ለሻጩ ስነግረው ዓይኑን አጥብቦ አየኝና «ለራስሽ ነው?» አለኝ።

«ለአያቴ ነው» አልኩት።

አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ሱቅ ውስጥ፣ ከኦርጋኖችና ከከበሮዎች ኋላ አቧራ ለብሳ አገኘኋት። ቀለሟ የድሮ ታክሲ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዟ ተፋፍቋል። ነጠላ ማግኔት፣ ረጅም አንገት፣ ክሮቹ በታች በኩል ከሚታሰሩበት ቦታ ደግሞ ትንሽ የብረት እጀታ። እጀታዋን ስትጫኗት ክሮቹ በሙሉ ይላላሉ፣ ድምፁ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ስትለቋት ይመለሳል። ሰርፍ ያለዚያች እጀታ ጨው የሌለው ወጥ ነው። አምፕሊፋየር ላይ አልሰካኋትም። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ ክሩን መታሁ፤ የመርካቶ ጩኸት ውስጥ ሌላ መንገድ የለም። እንጨቱ ጉንጬ ላይ ነዘረኝ። እጀታዋን ተጫንኩ፣ ለቀቅሁ፣ መታሁ። ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ደገምኩ፣ ተመለሰች። ሄዶ የማይመለስ ነገር እቤት አይገባም፣ ጊታርም ቢሆን ባልም ቢሆን።

«ወፍራም ክር ነው የማስርባት» አልኩት ባለሱቁን።

ሳቀ። «ወፍራሙን ወንዶቹም አይችሉትም፤ ጣትሽን ይቆርጥሻል።»

እጄን ፊቱ ዘረጋሁለት። ይሄ ጣት ከልጅነቴ ጀምሮ ዛላ ሲቀነጥስ፣ ጆንያ ሲሰፋ፣ ሲባጎ ሲጎትት የኖረ ጣት ነው። ጫፉ ላይ መርፌ ብትወጉት መርፌው ነው የሚያዝነው። ባለሱቁ ነካ አደረገውና ወፍራሙን ክር አወጣልኝ። ድራመሩ የሹሉን ጊታር ሐዘን የረሳው ያኔ ነው መሰለኝ፤ እስከ ሱቃችን ድረስ ሰማያዊዋን እሱ ራሱ ተሸከመልኝ።

አምፕሊፋየሩ ላይ ግን አባባ «እኔም እመጣለሁ» አሉ። «አንቺ ድምፅ ታውቂ ይሆናል፤ ዕቃ መግዛት ግን እኔ ነኝ የማውቀው።» ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። እግረ መንገዳችንን ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ጨዋታው አምጥቶት «እርጥብ ድምፅ ነው የምፈልገው» አልኳቸው። ሰርፍ የሚጫወቱ ሰዎች ያን የሚያስተጋባ ድምፅ እንደዚያ ነው የሚገልጹት።

አባባ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። «እርጥብ?»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ ሰፈር «እርጥብ» ስድብ ነው። ሚዛን እንዲደፋለት በርበሬ ላይ ውኃ የሚረጭ ሌባ አለ፤ እርጥብ ሸጠ ከተባለ ያ ሰው አለቀለት። አባባ ሰው ሲያመሰግኑ እንኳ «ደረቅ ሰው ነው» ነው የሚሉት። «በስተእርጅና እርጥብ ልታስገዢኝ ነው?» አሉ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ አይደለም።

ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ቤት ከሶማሌ ተራ ጀርባ ነው። ባለቤቱ ወሎዬ ነው፤ የአባባን አነጋገር እንደሰማ «ማሻ አላህ፣ የአገሬ ሰው!» ብሎ ወንበር ጠረገ። ሁለት አምፕሊፋየር አሳየን። አንደኛው አዲስ ነው፤ መብራቱ ሰማያዊና ቀይ ብልጭ ይላል፣ አዝራሩ ብዛቱ! ማስተጋቢያም አለው፣ በኮምፒውተር የተሠራ። አባባ ወደዱት። ሁለተኛው አሮጌ፣ ቡናማ ጨርቅ የለበሰ፣ የጤፍ ኩንታል ያህል የሚከብድ ነው። ጀርባውን አየሁ፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ በሚግሉ የመስታወት አምፖሎች የሚሠራ ነው። ልቤ ዘለለች። እንዲህ ያለው አምፕ ጮክ ሲባል አይሻክርም፣ እንደ ደወል ነው። ፊቱ ላይ ደግሞ ለማስተጋቢያው አንድ ቁልፍ አለው፤ ያ ማለት ሆዱ ውስጥ ሞላዎች አሉ። የጊታሩ ድምፅ በአንዱ ጫፍ ገብቶ በቀጫጭን ሞላዎች እየተንቀጠቀጠ በሌላው ጫፍ ይወጣል። የሰርፍ ውኃ የሚቀዳው ከዚያ ነው።

አባባ ግን የመርካቶን ሕግ ያውቃሉ፤ ያገለገለ ዕቃ ሳይነቀነቅ አይገዛም። «ነቅንቀው እስቲ» አሉት ባለቤቱን።

«ይሄውልዎት አባቴ!» አለና አሮጌውን አምፕ አቅፎ ግራ ቀኝ ወዘወዘው። ጸጥ። አንዲት ነገር አልተንኳኳችም። አባባ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ ግን ፊቴ ተቀየረ። ሞላ ያለበት ሳጥን ሲወዘወዝ ጸጥ ይላል እንዴ?

ጊታሬን ሰካሁ። የማስተጋቢያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ክሩን መታሁ። ድምፁ ያምራል፣ ግን ክው ያለ ደረቅ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ውስጡ ምን ሆኗል?»

ባለቤቱ ደረቱን ነፋ። «ወላሂ እሱን ባትጠይቂኝ ነው የሚገርመኝ! ሲመጣ ሆዱ ውስጥ ነገር ወልቆበት ነበር። የመጣው ገዢ ሁሉ ነቅንቆ፣ ‹ሽሽሽ ቿ!› ሲል ሰምቶ ጥሎት ይሄዳል። ኋላ ከፈትኩት። ለካ ሞላዎቹ ተንጠልጥለው ኖሯል። በፍራሽ ስፖንጅ ጥቅጥቅ አድርጌ፣ በፕላስተር ጠፍሬ፣ ዝም አሰኘኋቸው!»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? «ጋሼ! እርስዎ እኮ የሙዚቃውን አፍ ነው የጠቀጠቁት!»

ይውጣ አልኩ። ሰውየው እየተጠራጠረ ብሎኑን ፈታ፤ ፕላስተሩን ስንልጥ፣ ስፖንጁን ስንጎትት፣ ሞላዎቹ ብቅ አሉ፤ ቀጫጭን፣ የሚያብረቀርቁ፣ አንዳቸውም ያልተበጠሱ። ሲዘጋው ሳጥኑ ትንሽ ተነካ፤ ከአምፕሊፋየሩ ጣራ የተናደ የሚመስል ጩኸት ወጣ። አባባ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ይሄ የተሰበረ ዕቃ ነው። እንሂድ። አዲሱን እንገዛለን።»

«አይ አባባ። ይሄን ነው የምገዛው።»

«ልጄ፣ የሚንኳኳ ዕቃ እኔ ገዝቼ አላውቅም።»

ሰው ተሰብስቧል። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው ከተከራከረ አሥር ሰው ዳኛ ነው። አዲሱን ይግዙ የሚል አለ፣ ሁለቱንም ተዉት የሚል አለ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። «አባባ» አልኩ፣ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጥቶ፣ «በርበሬ ላይ እርስዎ ነዎት። ድምፅ ላይ ግን እኔ ነኝ።»

በዕድሜዬ ለአባቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አባባ አዩኝ፤ ኩንታል ሲመርጡ እንደሚያዩት፣ ሳይቸኩሉ። ፈራሁ፣ ግን ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞሩና «እሷ ካለች አለች። አውርድላት» አሉት። ተሸካሚው አምፑን ጀርባው ላይ አድርጎ ሲወጣ ከኋላው እየተከተሉ «ቀስ በል! ሞላዎቹን!» ይሉት ነበር። በዚያች መንገድ ላይ የተሰማኝን ኩራት ማን ይነግርልኛል? ምረቃ ይሁን ሹመት ምን ይሁን አላውቅም፣ ብቻ አባቴ እሺ ብለውኛል።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ቤታችን ፊት ለፊት መንገዱን ዘግቶ ተተከለ። ከበርበሬ በረንዳ ያልመጣ የለም። ከፊት ወንበር ላይ የሙሽራው አባት ነጭ በነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አባባ። እኛ ከድንኳኑ ጥግ ጣውላ ላይ ነን። ገና ስንሰካካ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፤ «ዘፋኙ የታለ?» አንዷ ጎረቤታችን «እስኪመጣ ነው የምታሟሙቁት?» አለችኝ። «አዎ እትዬ፣ ሲመጣ ያያሉ» አልኳት።

መጀመሪያ የራሳችንን ፈጣን ሰርፍ ለቀቅንባቸው። ስህተት ነበር። ሰው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። አንዲት አሮጊት ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስንጨርስ ያጨበጨበች እህቴ ብቻ ናት፣ እሷም በጓንት። የሙሽራው ወገን የሆነ ሰው ወደ ሙሽራው አባት ጎንበስ ብሎ ሲያንሾካሹክ አየሁት። ኋላ እንደሰማሁት ኦርኬስትራው ቅርብ ነው ያለው፣ ይጠራ ወይ እያላቸው ነበር። አባባ መሬት መሬት ያያሉ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ያቺን አቀማመጣቸውን ሳይ ፍርሃቴ ሁሉ ወደ ንዴት ተቀየረ። በእኔ ምክንያት አባቴ አንገታቸውን ደፍተው? በፍጹም!

ወደ ድራመሩ ዞሬ «ቺክቺካ!» አልኩት። ከአገር ቤት ጭፈራ ሁሉ ሥር ያለውን ያን ምት ያዘ። የአክስቴ ልጅ ከሥሩ ገባች። እኔ የሙሽራዋን ዘፈን፣ ሕፃን አዋቂው የሚያውቀውን፣ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ጀመርኩት። ቀስ ብዬ ጀመርኩና እያንዳንዷን ድምፅ እንዘፈዝፋት ገባሁ። ማስተጋቢያውን ከፈትኩት። ሞላዎቹ ከእንቅልፋቸው ነቁ። ድምፁ ከድንኳኑ ሸራ ወደ ሸራ እየተላጋ ሄደ።

አንድ ነገር የገባኝ እዚያ ላይ ነው። የእኛ የሰርግ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። የእኔ ጊታር አውጪ ነው። ስለዚህ ስንኙን በጊታር ጨረስኩና ተቀባዩ የሚገባበት ቦታ ላይ ስደርስ እጄን ክሮቹ ላይ ጣልኩባቸው፤ ዝም አሰኘኋቸው። ምቱ ብቻ ቀረ። ባዶ ቦታ።

ባዶ ቦታ አይቶ የሚያልፍ የሰርግ ታዳሚ ደግሞ የለም። ከወሎ የመጡት አክስቴ ከምግቡ ጠረጴዛ አካባቢ ጭልፋ እንደያዙ ብቻቸውን ተቀበሉት። አንድ ድምፅ ነው፣ የተሰነጠቀ፣ ግን ቀጥ ያለ። እንደገና አወጣሁ። አሁን የተቀበሉት አምስት ስድስት ሴቶች ናቸው። ሦስተኛው ላይ ድንኳኑ በሙሉ ነው የተቀበለኝ፤ የሙሽራው ወገን፣ የእኛ ወገን፣ አስተናጋጆቹ፣ ጆሯቸውን የሸፈኑት አሮጊት ጭምር። እልልታው ከሞላዎቹ ድምፅ ጋር ተደባለቀ። እጀታዋን ስጫናት ዜማው ሲንገዳገድ ትከሻዎች አብረው ወረዱ፣ ስለቃት አብረው ተነሡ። እስክስታ ለዚህ ሙዚቃ የተፈጠረ ነው፣ ይሄን ማንም ፈረንጅ አያውቀውም። ወደ ባቲ ቅኝት ስገለበጥ ወሎዬዎቹ ወንበር ላይ ወጥተው ጨፈሩ። እህቴ ቬሎዋን ሰብስባ መሐል ገባች። ድራመሩ እያላበው እየሳቀ ይመታል። ዘፋኙ የታለ ብሎ የጠየቀ ሰው ሁሉ አሁን ራሱ ዘፋኝ ሆኗል።

ዘፈኑን አሳርፌ ለመተንፈስ ቆም አልኩ። አቧራው አልበረደም፤ ሰው «ይደገም!» ይላል። በዚያ መሐል የሙሽራው አባት ወደ አባባ ዞሩ። ሙዚቃው ስለቆመ ድምፃቸው ለእኔም ደረሰኝ።

«ይሄን ሙዚቃ ከየት ነው ያመጡት?» አሉ።

አባባ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ብድግ አሉ። የበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች በሙሉ እስኪያዩአቸው ቆሙ። ከዚያ ጆንያ ሳይፈቱ በሚሸጡበት በዚያ ድምፃቸው መለሱላቸው።

«ከቤቴ።»